የጂፑ አፍንጫ

ፓፓ ኡርሆን ማንም አላስገደደውም፤ ነገሩን በገዛ አፉ ነው የጠራው። በፋሲካ ዕለት ልጁ ካሪን የአሳማ ሥጋውን እየቆራረጠች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ይህን የሐይቅ ዳር ቤት ትቶ ከተማ እንዲገባ ትነዘንዘው ነበር። ከክሊኒኩ ጎን የሽማግሌዎች ቤት አለ፣ ሊፍት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ደረጃ የለውም። ፓፓ ሹካውን አስቀመጠ።

«ጂፑ እስከተነሳ ድረስ እኔም እነሳለሁ» አለ። «እሱ እምቢ ያለ ቀን ልብሴን ጠቅልዬ እገባልሻለሁ።»

ካሪን የዋዛ አይደለችም። ቢላዋውን እንደያዘች ዞር አለችና «ምስክሮች ናችሁ» አለች። ምስክሮቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ወንድሟ ቶድ ነው፤ አፉን ድንች ስለሞላው ምንም አላለም። ሌላዋ የካሪን ልጅ ኢልሚ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አፏ ባዶ ነበር፣ እሷም ምንም አላለችም። ኢልሚ አፏ ባዶ ሆኖ ዝም ስትል ማየት ብርቅ ነው። ግን ምን ትበል? ያንን ጂፕ በየጠዋቱ ከኋላ የምትገፋው እሷ ናት። ጂፑ ከእናቷ በዕድሜ ይበልጣል። ድሮ አረንጓዴ ነበር ይባላል። ቤንዚን የሚጠጣው ደመወዝ እንደተቀበለ የማዕድን ሠራተኛ ነው፣ የሚነሳው ደግሞ እንደዚያው ሠራተኛ በማግስቱ ነው። ፓፓ ቃሉን የሰጠው በሚንገዳገድ ጥርስ ላይ ነበር ማለት ነው።

ጂፑ ለፓፓ ምኑ ነው የሚል ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሜን ሚኔሶታ ላይ ብርዱ ገብቶ ሐይቁ ሲረጋና ላዩ ግግር ሲሆን፣ ፓፓ በሸርተቴ ላይ የተሠራች የእንጨት ጎጆውን በጂፑ እየጎተተ መሃል ሐይቅ ድረስ ይወስዳታል። ወለሏ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው ሥር ግግሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሥር ዋልአይ የሚሉት ዓሣ። ምድጃዋ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ሬዲዮው የበረዶ ሆኪ ያወራል። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል የማይወጣው ሰውዬ እዚያች ጎጆ ሲገባ ምላሱ ይፈታል። ሚስቱን እንዴት እንዳገባት፣ ማን ከማን ጋር በምን ቂም እንደተያያዘ፣ የቶድን አፍንጫ ማን እንደሰበረው፣ ሁሉንም ለኢልሚ የነገራት እዚያ ነው። አያትና የልጅ ልጅ ሳይሆኑ ሁለት ሐሜተኞች ሆነው ነበር የሚቀመጡት። እግሩ ካስቸገረው ወዲህ ግን ግግር ላይ በእግሩ መሄድ አይችልም። ጂፑ ከሌለ ሐይቁ የለም። ሐይቁ ከሌለ ፓፓ ሊፍት ያለው ቤት ገብቶ የመኪና ማቆሚያ የሚያይ ሽማግሌ ይሆናል።

ፓፓ የግግሩን ውፍረት ስለሚለካበት ዱላም እዚሁ ይነገር። የጠረበው የፓፓ አባት ነው። ጫፉ ላይ የተቆለመመ ምስማር አለው። ግግሩን በመሰርሰሪያ ትበሳና ዱላውን ወደ ውሃው ትሰድዳለህ፤ ምስማሩ ከግግሩ ሥር ይያዛል፤ ከዚያ ከላይ የትኛው ምልክት ላይ እንደደረሰ ታያለህ። ሦስት ምልክት አለው። የታችኛው ለሰው፣ የመሃለኛው ለበረዶ ሞተር፣ የላይኛው ለጂፑ። የጂፑን ምልክት የቀረጸው ፓፓ ራሱ ነው፣ ጂፑን በገዛበት ዓመት። ሌላው ሰው ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የግግር ውፍረት ሠንጠረዥ ያያል። በዚህ ቤት ሕጉ ዱላው ነው። ዱላው ካላለ ማንም አይገባም፣ ዱላው ካለ ማንም አይከራከርም።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ፓፓ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ደረጃ ላይ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ብሎን አስገቡለት፣ ከዚያ መራመድ እንደገና ወደሚያስተምሩበት ቤት ላኩት። ጂፑም አብሮት የታመመ ይመስል በዚያው ሳምንት ሞተ። ኢልሚ ባትሪው እንዳይደክም ብላ ልታስነሳው ገባች። ተነሳ፣ ሳል ሳል አለው፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ብሎ በጎኑ ወጣ። ቀዳዳው ጣት ያስገባል። ታውቃለች፣ አስገብታ ሞክራዋለች። ዘይት የነካ ጣቷን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና አጎቷ ጋ ደወለች።

ቶድ በብረት ማዕድኑ ጋራዥ ውስጥ ቤት የሚያካክሉ ገልባጮችን የሚጠግን ሰው ነው። ለእሱ ከናፍጣ ሌላ ያለ ሞተር ሁሉ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ቀዳዳውን በባትሪ አብርቶ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ።

ኢልሚ ለእማ እንንገራት ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ንገሪያት። ነገ ጠዋት መጋረጃ ትመርጥለታለች።»

ስለዚህ አልነገሯትም። ፓፓ ሳይመለስ ሌላ ሞተር ሊያስገቡበት ተስማሙ፣ ናፍጣ፣ ፓፓ ቢሞት እንኳ የማይሞት ናፍጣ። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ አገር አዲስ አይደለም፤ በየጓሮው አንድ አሮጌ ጂፕ ሆዱን ተከፍቶ ተኝቶ ታያለህ፣ አጠገቡ ደግሞ ‹በዚህ በጋ እጨርሰዋለሁ› የሚል ባል። የቶድና የኢልሚ ልዩነታቸው መጨረሳቸው ነው። ባይጨርሱት ይሻል ነበር፤ ግን ይህ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው።

ሞተሩን ያገኙት ከተጣለ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ላይ ነው። አራት ሲሊንደር፣ አጭር፣ ደንዳና፣ አንገት የሌለው የሰፈር ጉልበተኛ የመሰለ። ኢልሚ አሁንም የቀረፋ ዳቦ ይሸታል ብላ ማለች። ቶድ የሚሸትሽ የተቃጠለ ዘይት ነው፣ ቁርስ ብዪ አላት። የድሮውን ሲያወጡ ሁለት ሰውና አንድ ሰንሰለት በቂ ነበር። አዲሱን ሲያነሱ ግን ሰንሰለቱ ተንቋቋ፣ የጋራዡም አግዳሚ ጎበጠ። ቶድ ከሥሩ ዘወር በይ ብሎ ጮኸባት፤ ቶድ በሷ ላይ ጮሆ አያውቅም።

«ይህ ጭራቅ የድሮውን እጥፍ ይመዝናል» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። የተናገረው በኩራት ነበር።

የሞተሩ ቂጥና የካምቢዮው አፍ አልተዋወቁም። መሃላቸው የሚገባ ወፍራም ብረት ቶድ ቆርጦ አስታረቃቸው። ሞተሩ የሚቀመጥባቸውን ሱፖርቶዎች አዲስ በየደ፣ ራዲያተሩን ወደፊት ገፋ። ኮፈኑ አልዘጋም አለ፤ ኢልሚ ላዩ ላይ ዘልላ ስትቀመጥበት ተዘጋ። ቶድ ክብደት ጥቅም አለው አለ። እሷም መፍቻ የሚጠረግበትን፣ ዘይት የጠጣ ካልሲ ወረወረችበት። ከትምህርት ቤት መልስ ሁሉ እዚያ ነበረች፤ የሒሳብ አስተማሪዋ ጥፍሮቿን አይቶ ‹ሌላ ሥራ አለሽ እንዴ› ብሏታል። ደስ ያላት ወራት ነበር። ይህም አብሮ ይጻፍ፣ ምክንያቱም በኋላ ስታስበው የሚያሳፍራት ደስታዋ ጭምር ነው።

ሁሉ ነገር ታስሮ ጂፑን ከእንጨቱ ላይ በጎማዎቹ ሲያወርዱት፣ አፍንጫው ወረደ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና እንደተቆጣ በሬ አጎንብሶ ቀረ። የጋራዡ በር ቋሚ ላይ ፓፓ ለዓመታት ሲገባና ሲወጣ የፊት መከላከያ ብረቱ የፋቀው ጭረት አለ። አሁን ብረቱ ከጭረቱ አንድ ጋት ያህል ወርዶ ነበር።

«ፓፓ ይህን ካየ አለቀልን» አለች ኢልሚ። «ገና ሳይነዳው ጂፔን ገደላችሁት ነው የሚለው።»

ቶድ አገጩን አከከ። እሱ እንደሆነ የመኪና አፍንጫ ወረደ ወጣ ግድ የለውም፤ ግድ ያላት እሷ ናት። እያየችው ቆመች፣ ዞረችው፣ ጭረቱን ዳሰሰችው። ከዚያ ከበድ ያለ ባሌስትራ፣ ከሥር ሆኖ ክብደቱን የሚሸከመውን ቅጠል ብረት፣ ብናስገባለት ቀና አይልም ወይ አለች። ቶድ ይላል አለ። በማግስቱ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ የተፈታ፣ ቅጠሉ የበዛ ባሌስትራ ይዞ መጣ። አስገቡለት። ጂፑ ተነሳ፣ አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ መከላከያ ብረቱም ከጭረቱ ጋር የፀጉር ያህል ሳይዛነፍ ገጠመ። ኢልሚ አጨበጨበች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው። ዱላው በዚያች ሰዓት እዚያው ጋራዥ፣ ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንዳቸውም ዞረው አላዩትም።

ፓፓ የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ማግስት ተመለሰ። ካሪን ናት ያመጣችው። ከመኪናዋ ሲወርድ በአራት እግር ምርኩዝ ነበር፣ የሌላ ሰው ኮት የለበሰ ይመስል ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ቶድ ያን ጊዜ ጋራዡን ከፍቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ቆፈር አለና ያዘ፣ መስኮቱ ሁሉ ነዘረ።

ካሪን ይህ ደግሞ የማን ትራክተር ነው አለች። ፓፓ ግን ቆሞ ሰማ። ከዚያ በምርኩዙ እየተንኳኳ መጣ፣ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጣለ፣ ፊቱም ቀስ በቀስ ተፈታ። ድምፁ እንደ ድሮው ቄሳችን ነው አለ፤ ወፍራም ነው፣ አንዴ ከጀመረ አያበቃም። ቶድ ሳቀ። ኢልሚ ከደስታዋ ብዛት አንድ እግሯን በሌላው ትረግጥ ነበር።

ፓፓ ጂፑን ዞረው። ፊት ለፊቱ ሲደርስ ቆመ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ወደ አፍንጫው አየ። ወደ በሩ ቋሚ፣ ወደ ጭረቱ አየ። ተመልሶ ወደ አፍንጫው አየ። ዓይኖቹን በጓንቱ ጠረገ።

«ክብደቱስ?» አለ።

ቶድ አፉን ሊከፍት ነበር። ኢልሚ ቀደመችው፤ መቼ ሳትቀድም ቀርታ ታውቃለች።

«አንተ የሆስፒታል ሾርባ ጠጥተህ ቀለልክ፣ እሱ ዳቦ በልቶ ትንሽ ወፈረ» አለች። «ተካካሳችኋል፣ ፓፓ።»

ሁሉም ሳቁ። ካሪን እንኳ ሳቀች፣ ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትፈልግ። ፓፓ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፣ እንባው መጣ፣ የኢልሚን ኮፍያ ዓይኗ ድረስ ጎተተባት። ጥያቄውም በዚያው ቀረ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ኢልሚ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አስባዋለች፣ ክፉ ቀልድ ቢሆን፣ ማንም ባይስቅለት፣ ፓፓ እንደገና ይጠይቅ ነበር።

የገና በዓል ሊቃረብ ሐይቁ ረጋ። የሩዲ ጎጆ፣ የጎረቤታቸው፣ ወጥታ ጭሷ ይታይ ጀመር። ፓፓ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ያንን ጭስ ሲያይ ሳህኑ ላይ ምግቡ ይቀዘቅዛል። አንድ ቅዳሜ ቶድ ሥራ ገብቶ ነበር፤ ፓፓ ኮቱን ለበሰና ኢልሚን ዱላውን አውርጂ አላት።

ኢልሚ በየቦታው እየበሳች ዱላውን ሰደደች። ፓፓ በምርኩዙ ላይ ተደግፎ ዳር ላይ ቆሟል።

«ነካ?»

«ነካ፣ ፓፓ። ልክ ምልክቱ አፍ ላይ።»

በዓይኑ ሊያይ ቀረበ። ልክ ነበር፣ ዱላው አልዋሸም፣ እሷም አልዋሸችም። ፓፓ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ወደ ጂፑ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላ ሳምንት ብንቆይስ የሚል ነገር አጉረመረመ። ለኢልሚ አንድ ሳምንት ብዙ ነው። እናቷ በየዕለቱ ስለዚያ ሊፍት ታወራለች፤ ፓፓ በዚህች ሳምንት ሳልም ቢይዘው፣ እግሩም ቢከብደው፣ ማን ያውቃል። ስለዚህ የቤቱን ሕግ ጠቀሰችለት።

«ዱላው ብሏል» አለችው።

ዱላው ካለ ማንም አይከራከርም። ፓፓም አልተከራከረም።

የመጀመሪያ ቀን ሥርዓት አለው። ጎጆዋ አትጎተትም፣ ጂፑ ባዶውን መንገዱን ይፈትናል። በሮቹ በገመድ ወደ ኋላ ይታሰራሉ፣ መስኮት ይከፈታል፣ ቀበቶ አይታሰርም፣ ኮት አይቆለፍም። አንድ ሰው ብቻ ይነዳል፤ ሌላው ገመድ ተሸክሞ ራቅ ብሎ በጎን ይሄዳል። ፓፓ ለመንዳት እግሩ ይበቃዋል፣ የማይበቃው ለመራመድ ነው። ኢልሚ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ በጎኑ ሄደች። ፀሐይ ወጥታለች፣ በረዶው ያንጸባርቃል፣ ፓፓ ከመሪው ኋላ ቆቡን አዘንብሎ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መስሏል። እጁን አውጥቶ እንደ ንጉሥ አወዛወዘላት። እሷም እንደ ዜጋ እጅ ነሳች።

ከዚያ አየችው። ከፊት ጎማዎቹ በፊት ግግሩ ረገብ ይላል፣ እንደ ፍራሽ፣ በጎማዎቹ ዙሪያም ነጩ በረዶ ግራጫ እየሆነ ነው፤ ውሃ ነው፣ ከሥር እየወጣ። ጮኸች። ድሮ ቢሆን ይሰማት ነበር። ድሮ ፓፓ ሐይቅ ላይ ሲነዳ ጆሮውን በመስኮቱ አውጥቶ ግግሩን እያዳመጠ ነው፤ የድሮው ሞተር ሹክሹክታ ነበር። ይህኛው ግን ቄስ ነው፣ ሲናገር ሌላ አይሰማም። ሁለተኛ ጮኸች፣ ሦስተኛ። ፓፓ መልሶ እጁን አወዛወዘላት።

አፍንጫው ነው ቀድሞ የገባው። ከፍ ያለ ድምፅ እንኳ አልነበረም፣ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚሰነጠቅ በረዶ ነገር፣ ከዚያ ኮፈኑ ጠፋ፣ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተነሱ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተጉመጥምጦ ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው ሐይቁ ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደሆነ የሰማችው። ፓፓ በታሰረው በር ወጥቶ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ክንዶቹን ግግሩ ላይ ዘርግቶ፣ ቆቡ አልወደቀም። ኢልሚ በሆዷ ተኛችና ገመዱን ወረወረች። ሳበች። ምን ያህል እንደሳበች አታውቅም። ሩዲ በሸርተቴው እየሮጠ ሲደርስ ፓፓ ግግሩ ላይ ተንጋሎ ነበር፣ ጢሙ እየጠጠረ፣ እሷም ሱሪውን ይዛ አልለቅም ብላ። ሩዲ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ነው ያላቀቃት።

አልሞተም። ሳምባው ታመመ፣ ሆስፒታል ተኛ፣ ዳሌው ውስጥ ያለው ብሎን እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሐኪሟ ጠንካራ ሰው ነው አለች። ካሪን ኢልሚን አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት ይሻል ነበር፤ ኢልሚ መልስ አዘጋጅታ ነበር፣ መልሱ አፏ ውስጥ ሻገተ።

ሰምጦ የቀረ መኪና ሐይቅ ውስጥ መተው አይፈቀድም። ጎረቤቶቹ በሳምንቱ ተሰብስበው ግንዶች አቁመው፣ ሰንሰለት አስረው ጂፑን አወጡት። በሳምንቱ፣ ማለት ግግሩ እነሱን ሁሉ፣ ፒክአፖቻቸውን ሁሉ ይሸከም ነበር። አንድ ሳምንት ብቻ። ፓፓ ከሆስፒታል ወጥቶ ካሪን መኪና ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከዳር ሆኖ አየ። ጂፑ በኋላው ተንጠልጥሎ፣ ሆዱን ለሰው እያሳየ፣ ውሃው እየተንጠፈጠፈ ወጣ። ፓፓ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ለረጅም ጊዜ ሆዱን ተመለከተ።

ቶድ ዘይቱን ገልብጦ፣ ናፍጣውን ቀይሮ፣ ማሞቂያ ደግኖ አደረቀው። ናፍጣ ክፉ ነው፣ ወይም ደግ ነው፣ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ኢልሚ ከጋራዡ ወደ ቤት ሮጠች። ፓፓ ኩሽና ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር፣ ካሪን ዕቃ ታጥባለች።

«ተነሳ» አለች፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ፓፓ፣ ተነስቷል። ጂፑ እስከተነሳ ነበር ያልከው። እማ፣ ምስክር ነሽ።»

ካሪን ውሃውን ዘጋች። ዞር አላለችም። ፓፓ ከጎኑ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋላት፣ ተቀመጠች።

«ባሌስትራው አዲስ ነው» አለ።

ኢልሚ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች። «አፍንጫው ወርዶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንዳትጠላው ብዬ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ የቶድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቶድ ለቁንጅና አይጨነቅም፣ ፀጉሩን አታዪውም?» አለ። «ያን ቀን ሳየው ከበድ ያለ ነገር እንደገባበት ድምፁ ነግሮኛል። አፍንጫውን ሳየው ግን ቀና ነው፣ ጭረቱ ላይ ነው። ጆሮዬ አንድ ይላል፣ ዓይኔ ሌላ ይላል። አረጀህ አልኩ፣ ጆሮህ ሄደ አልኩ። ከዚያ አንቺ ያን ነገር አልሽ፣ ሳቅኩ።»

«ብነግርህ ትተወው ነበር?»

«ለምን እተወዋለሁ? ጥሩ ሞተር ነው። ዱላው ላይ ከፍ አድርጌ ሌላ ምልክት እቀርጽ ነበር። አንድ ሳምንት እንቆይ ነበር።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ያው ነበር በቃ።»

ኢልሚ ቢቆጣት፣ ጠረጴዛ ቢመታ ትችለው ነበር። ያው ነበር በቃ የሚለው ነው ያልቻለችው። አንድ ሳምንት ልታተርፍለት ብላ ነው ያን ሁሉ። አሁን ምልክቱን እንቀርጻለን አለችው፣ ቢላዋ ላምጣ አለችው፣ ግግሩ እኮ አሁን ወፍሯል አለችው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፓፓ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዱላ የሚይዝ ሰው የራሱን ዓይንና ጆሮ ማመን አለበት አለ፤ እሱ ደግሞ አንዴ ስላላመናቸው ከእንግዲህ በየእርምጃው ይጠራጠራል፣ የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ሐይቅ ላይ ሌላውንም ይዞ ይሰምጣል። ጂፑ ስለተነሳ ቃልህ ይጸናል አለችው እንደገና፣ እያለቀሰች።

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ልሰብረውም እችላለሁ።»

ከዚያ ወደ ካሪን ዞሮ ያ ሊፍት ስንት ሰው ይይዛል ብሎ ጠየቃት። ካሪን ከፋሲካ ጀምሮ ስትፈልገው የነበረውን ነገር አሁን ስታገኘው ፎጣው ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

የካቲት ላይ ግግሩ ገልባጭ ይሸከማል። ኢልሚ መንጃ ፈቃዷ ገና የተለማማጅ ስለሆነ ቶድ አጠገቧ ተቀምጦ ጂፑን እየነዳች ከተማ ገባች። ወንበሩ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ አለ፣ ሥጋና ድንች በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ፣ ፓፓ እንደሚወደው ቀይ ሥር የበዛበት። ከኋላ ዱላው አለ፣ ከድሮው የጂፕ ምልክት በላይ አዲስ ምልክት ተቀርጾበት፤ ቅርጹ ጠማማ ነው፣ የቀረጸችው እሷ ናት። የሽማግሌዎቹ ቤት ሥር አቁማ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀች። ቄሱ ሰበከ። በየፎቁ መጋረጃ ተገለጠ፣ አንዲት አሮጊት ጣቷን ቀሰረችባቸው። ከዚያ በሦስተኛው ፎቅ የፓፓ መስኮት ተከፈተ።

ቁልቁል አየ። በመጀመሪያ ያየው እሷን አልነበረም፣ ጂፑን ነው። ከባዱን ባሌስትራ ባለፈው ቅዳሜ ፈትተው የድሮውን መልሰውለት ነበር፤ ኢልሚ ናት ካልተፈታ ብላ ቶድን እንቅልፍ የከለከለችው። አፍንጫው ወርዷል። አስቀያሚ ነው፣ እንደተቆጣ በሬ አጎንብሷል። ፓፓ አየው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ልክ ያን ቀን ጋራዡ በር ላይ እንዳደረገው። ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«ግግሩ ምን ያህል ሆነ?» ብሎ ወደ ታች ጠየቀ።

«እስከ ወገቤ» አለችው። «ኮትህን ልበስ፣ ፓፓ። ጎጆዋ ሞቃለች፣ ሩዲ እሳት አንድዷል። እኔ እነዳለሁ።»

የፓፓ እጅ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። ኢልሚ አንገቷ እስኪያማት ቀና ብላ ጠበቀች። በሩን ከፍታለት ነበር፤ ብርዱ እየገባ ነው፣ ቶድም ዝጊው አላለም።

«ፓስቲውን በሊፍቱ ላኪልኝ» አለ ፓፓ በመጨረሻ። «እንዳይቀዘቅዝ።»

መስኮቱን ዘጋ። መጋረጃውን ግን አልዘጋም። ኢልሚ ፓስቲውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፣ ሊፍቱ ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ቁልፉን ተጭና ስትወጣ ልብ አለችው፤ ሰፊ ነው፣ አራት ሰው ከነምርኩዙ ይይዛል።